የቦቴ ውሃና የጫጩት አንጀት

ነገሌ ውስጥ የሥጋ ዶሮ በማርባት የቀደመኝ ሰው የለም። ቀድሜሃለሁ የሚል ካለ በሕይወት እያለሁ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፤ ከሬዲዮ፣ መድኃኒት ከሚጠቀለልበት ወረቀት፣ ከሁሉም በላይ ግን ከኩስ። የዶሮ ኩስ አይቶ የማይገባው ሰው ዶሮ አረባለሁ አይበል።

ስጀምር ከተማው ሳቀብኝ። ቦረና ዶሮ አይበላም። ከብትና ግመል ያለው ሰው ቆሻሻ የሚጭር ወፍ ምን ያደርግለታል? «የወፍ እረኛ» የሚል ስም አወጡልኝ። ከአጥሬ ማዶ ሱቅ የነበረው ሙስሊሙ ጎረቤቴም ስቋል፤ እሱ ግን እየሳቀ ገባ።

«አካም፣ ፕሮፌሰር! ናጋ?» አለኝ አንድ ቀን በራፌ ላይ ቆሞ። «ለማን ልትሸጥ ነው? ጾም ሲገባ ክርስቲያኖቹ ፊታቸውን ያዞሩብሃል። አንተ ያረድከውን ደግሞ የኔ ሰዎች አይነኩትም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ሁለት ቢላ።»

በዚህ ተጀመረ። ለክርስቲያን ደንበኞች እኔ አርዳለሁ፣ ለሙስሊሞቹ እሱ። በጾም የእሱ ቢላ ትሠራለች፣ ለፋሲካ የኔ። ጎን ለጎን በየሚስማራቸው ተሰቅለው ይውላሉ፤ አንዳችን የሌላችንን አንነካም። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከተማው መሳቁን ትቶ መግዛት ጀመረ።

ያስቸገረን መንገዱ ነበር። ጫጩቶቹ ከመሀል አገር በካርቶን ተጭነው፣ በክብረ መንግሥት በኩል አቧራ ሲቅሙ መጥተው ሲደርሱ ግማሾቹ አንገታቸውን ቀና ማድረግ አይችሉም። ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ የረጠበ ጉዝጓዝ፣ ከዚያ ሞት። ሌላው ሰው አንቲባዮቲክ ይደፋባቸዋል። እኔ ፕሮባዮቲክ የሚባል ነገር እንዳለ ሰማሁ፤ ለአንጀት የሚጠቅሙ ባክቴሪያዎች ከነሕይወታቸው በዱቄት መልክ ታሽገው፣ በውሃ ተበጥብጠው የሚሰጡ። እዚህ ስሙን የሚያውቅ ሳይኖር አስመጣሁት።

«ሰው በሽታ ገዝቶ ይመጣል እንዴ?» ብሎ ጎረቤቴ ራሱን ያዘ።

«የጫጩት አንጀት የግጦሽ መሬት ነው» አልኩት። «ባዶ ከተውከው ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። ጥሩ ሣር ቀድሞ ከያዘው ግን ቁጥቋጦው የሚበቅልበት ያጣል።»

ትንሽ አሰበና «እንዲህ ብለህ ብትጀምር ምን ነበረበት!» አለ።

እንዳልኩትም ሆነ። ጉዝጓዛችን ከመድረቁ የተነሣ በእጄ ዘግኜ እንግዳ አስሸትት ነበር።

ከዚያ ያ ድርቅ መጣ። ለፋሲካ የሚደርሱት ጫጩቶች በገቡ ሰሞን መኖ ፍለጋ ሐዋሳ መሄድ ነበረብኝ። «ዱቄቱን በጉድጓድ ውሃ በጥብጠህ ስጣቸው» ብዬ ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። መኖው ጠፍቶ ቆየሁ።

ስመለስ የዶሮ ቤቱን በር ከመክፈቴ ሽታው ተቀበለኝ። ጉዝጓዙ ጭቃ ሆኗል። የሞቱት በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ የምትንዘፈዘፍ ጫጩት በሽርጡ ጠቅልሎ ይዟል። መጠጫውን አንሥቼ አሸተትኩ። ክሎሪን።

«ይሄ ውሃ ከየት ነው?»

«ጉድጓዱ ነጠፈ። ቦቴ መጥቶ ለየቤቱ አደሉን። ከተማ ለገባው የተቅማጥ በሽታ ብለው መድኃኒት ጨምረውበታል፣ ንጹሕ ነው። የቤቴን ድርሻ ነው ያመጣሁላቸው።»

«መድኃኒቱ እኮ ባክቴሪያ ይገድላል! ዱቄቱን ገድለህ ነው ያጠጣሃቸው!»

«ልጆቼ የሚጠጡትን ነው የሰጠኋቸው።»

«ልጆችህ ባክቴሪያ አይደሉም!»

ለፋሲካ ዶሮ ለማዘዝ የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ነበርና ሳቁ። ሳቃቸው አጋለኝ። «እኔ የጉድጓድ ውሃ ነው ያልኩት። ቦቴ ጉድጓድ ነው? አንዲት ቃል መያዝ ከማይችል ደደብ ጋር ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የለፋሁት?»

ጎረቤቴ ጫጩቷን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ቢላውን ከሚስማሩ አውርዶ በሻሹ ጠቀለለ። በአጠገቤ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በኦሮምኛ፣ «ያን ውሃ ሚስቴ ለልጆቹ ደብቃው ነበር» አለኝና ወጣ።

እኔ ግን ትክክል ነበርኩ። በዚያው ሳምንት አረጋገጥኩት። የቦቴውን ውሃ በሰፊ ሳፋ፣ በእሱ ሱቅ በኩል ካለው አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ ከፍቼ አቆየሁት፤ ሽታው ሲጠፋ ዱቄቱን በጠበጥኩበት። የተረፉት ጫጩቶች ዳኑ፣ ኩሳቸው ጠጠረ። መጥቶ ያየልኝ ሰው ግን አልነበረም። ሚስቴ «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። ትክክል የሆነ ሰው ሽማግሌ ይልካል? እሱ እንዲመጣ ጠበቅኩ። እሱ ሱቁን ሸጦ ቤተሰቡን ይዞ ዶሎ ኦዶ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሙስሊም ደንበኞች በሩ ድረስ ይመጡና «አራጁ ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔን አይተው ይመለሳሉ። ሌላ አራጅ ቀጠርኩ፤ የሱን ያህል አላመኑትም። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ በአንድ ቢላ አይኖርም። የዶሮ ቤቱ አሁን የማገዶ ማከማቻ ነው። ዱቄቱን ዛሬ ልጅ እግሩ ሁሉ ይሸጠዋል። አንዱማ «አባባ፣ ይሄ ዘመናዊ ነገር ነው፣ እርስዎ አያውቁትም» አለኝ። እኔን!

በቀደም ከዶሎ ኦዶ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሻይ ቤት አገኘኝ። ጎረቤቴ እዚያ ዶሮ እንደሚያረባ፣ ግቢውን በሳፋ ሞልቶ ውሃ ፀሐይ ላይ እንደሚያሰጣ ነገረኝ።

«ምነው ስለው፣ ነገሌ ያለ ፕሮፌሰር አስተማረኝ፣ በዶሮ ነገር ተሳስቶ አያውቅም አለኝ። እርስዎን ነው አይደል?»

«እኔን ነው» አልኩት። ሻዬን አስቀመጥኩ። «ወደዚህ እንደምትመጣ ያውቅ ነበር?»

«የጫነልኝ እሱ አይደል!»

«ሰላም በልልኝስ አላለህም?»

ሾፌሩ ሊያስታውስ ሞከረ። የእውነት ሞከረ።

«የለም አባባ» አለ። «እሱን አላለም።»