ለሚሄድ ሰው የሚደወል ደወል

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ጠዋት... ሰርቬት ሰፈር ካለው ቤቴ በማለዳ ተነስቼ ከጄኔቭ ዙሪክ በባቡር ገባሁ። ከዙሪክ ደግሞ በቢጫው የገጠር አውቶቡስ ተሳፍሬ ከሰው ላም የሚበዛባት አንዲት መንደር ወረድኩ። የአክስቴ ልጅ ብሩክ ጫማውን ወልውሎ ማቆሚያው ላይ ይጠብቀኛል።

የሄድኩት ልለምነው ነው። ብሩክ እዚያች መንደር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። የጥገኝነት ጥያቄው ሁለት ጊዜ ውድቅ ተደርጎ ኔጋቲቭ መጥቶበታል። ሥራ መሥራት አይችልም፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ማደር አይችልም። አሁን ደግሞ «በፈቃዴ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ሰጥተውታል፣ ሰኞ ፈርሞ እንዲያመጣ። ልፈርም ነው ብሎ ደወለልኝ።

መጀመሪያ «ና፣ እዚህ ይሻልሃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ሱቁን ዘግቶ የመጣው በኔ ቃል ነው። አፌን በቆረጠው።

«ጠበቃ አግኝቼልሃለሁ፣ እኛው ጋ ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር ቢሮ አላት። አንድ ወር ብቻ ታገስ» አልኩት ገና ከአውቶቡሱ ሳልወርድ።

«እታለም፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለኝ።

ወደ መንደሩ ሙዚየም ወሰደኝ። ሙዚየም ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ... ድሮ ጎተራ የነበረች ሁለት ክፍል ናት። እሁድ እሁድ በነጻ ትከፈታለች፣ ማሞቂያም አላት። ብሩክ ዘጠኝ ክረምት እዚያ ሲሞቅ ነው የኖረው። የሚጠብቋት ጡረታ የወጡ አንዲት ሴት አስተማሪ ናቸው። ሲያዩት ፊታቸው በራ፣ እኔንም በፈረንሳይኛ ተቀበሉኝ።

«አቅኚዎቻችንን ላሳይዎት» አሉኝ።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ መንደሯ ተርባ ነበር አሉ፣ ድንቹን በሽታ መትቶት። ድሆቿ ተነስተው ብራዚል ድረስ ሄዱ። ጫካ መንጥረው ከተማ ቆረቆሩ፣ ከተማዋንም በመንደራቸው ስም ጠሯት። ግድግዳው ሁሉ የነሱ ፎቶ ነው፤ ጢማም ወንዶች፣ ልጅ የታቀፉ ሴቶች፣ የእንጨት ቤቶች። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከብራዚል ሲመጡ መንደሩ በማርሽ ባንድ ይቀበላቸዋል።

ትንሽ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ለካ እነሱም ተሰደው ያውቃሉ ብዬ።

ብሩክ ግን እጄን ይዞ ጥግ ላይ ወዳለ መስታወት ሳበኝ። ከስሩ አንድ የወየበ ወረቀት አለ። ጀርመንኛውን በጣቱ እየተከተለ ወደ አማርኛ መለሰልኝ።

«የመርከቡን መንደሩ ይከፍልልኛል። እኔም በፈቃዴ እሄዳለሁ። ተመልሼ መጥቼ መንደሩን አላስቸግርም።»

ከታች ፊርማ የለም። መጻፍ የማይችል ሰው የጫረው መስቀል ብቻ ነው ያለው።

«የኔን ወረቀት ከዚህ ሳይገለብጡት አልቀሩም» አለና ሳቀ።

አስተማሪዋን ጠየቅኳቸው። «ይሄን መስቀል የጫረው ሰው ምን ሆነ?»

«እሱን አናውቅም» አሉ። «እዚህ ፎቶ ያላቸው ደብዳቤ የጻፉት ናቸው። ከሱ የመጣ ነገር የለም።» ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ «የሄዱ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደውሎላቸዋል፣ ልክ ለሞተ ሰው እንደሚደወለው። ዳግመኛ እንደማይታዩ ሁሉም ያውቅ ነበር» አሉኝ።

ብሩክ በጀርመንኛ አንድ ነገር አላቸው። ሴትየዋ ሳቁና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ምን አልካቸው?»

«እኔ ስሄድም ትደውሉልኛላችሁ ወይ አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«አንተ ደግሞ ቀልደኛ ነህ አሉኝ።»

ዘጠኝ ዓመት ያውቁታል... ኪሱ ውስጥ ስላለው ወረቀት ግን አያውቁም። ደግ ሴት ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። ደግነታቸው ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ልመናዬን ቀጠልኩ። «እዚያ ማን አለህ? እናትህ የለች፣ ሱቁ የለ...»

«እታለም፣ ስመጣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሁን ሠላሳ አምስት ሞልቶኛል። አንድ ቀን ሠርቼ ደክሞኝ ተኝቼ አላውቅም። ጠብቄ ጠብቄ ነው የደከመኝ።»

የጠበቃዋን ካርድ እንደያዝኩ ወደ ጄኔቭ ተመለስኩ። ሰኞ ፈረመ።

ዛሬ ጠዋት ልሸኘው ሄድኩ። ኤርፖርት ድረስ እንዳልከተለው አስምሎኛል፣ «እዚያ አታልቅሺብኝ» ብሎ። ማቆሚያው ላይ እኔ፣ እሱና አንድ ሻንጣ ብቻ ነን። አስተማሪዋም የሉም፤ ሙዚየሙ የሚከፈተው እሁድ ነው።

አውቶቡሱ ሊደርስ ሲል በነሱ አስር ሰዓት ሆነ፣ በኛ አራት። ደወሉ ጀመረ። ብሩክ ቆቡን አወለቀና አስሩንም ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማ።

«ሰማሽ እታለም? ደወሉልኝ» አለኝ።

«ሰማሁ» አልኩት።

ዘጠኝ ዓመት በየሰዓቱ የሰማው ደወል ነው። ሰዓት መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ «ደብዳቤ ጻፍልኝ» አልኩት። በስልክ ዘመን ደብዳቤ... ለምን እንዳልኩት ገብቶታል። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ በሩ ተዘጋ።

እኔ ከዚያ መነሳት አቃተኝ። እዚያው ፈዝዤ እንደተቀመጥኩ ደወሉ እንደገና ጮኸ፣ አስራ አንድ ጊዜ።

ለሱ አስር ነበር... ለኔ አንድ ጨመሩልኝ። «ና» ላልኩባት ቃሌ ትሆናለች።