የባየህ ጆሮና አዲሱ ቴሌቪዥን

ባየህ ወረታ ውስጥ በአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። የሚሠራው በጆሮው ነው። ማሽኑ ከጠበቀ ፍሬው ይሰበራል፣ ከላላ ቅርፊቱ አይለቅም። ባየህ ከድምፁ ብቻ ለይቶ ቡሎኑን በጥቂቱ ያዞራል፤ ሩዙን ማየት አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ሰው ጆሮውን ቢያጣ እንጀራውን አጣ ማለት ነው።

ቤቱ ሲገባ ደስታው ሌላ ነው። ቡፌው ላይ ሁለት ስፒከሮች አሉት፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ወንበር ስቦ ከፊታቸው ይቀመጥና በገና ያዳምጣል። እዚህ ላይ በጣም የሚገርም ነገር አለ። አንድ ድምፅ ከሁለቱም ስፒከሮች እኩል ሲወጣና ሰሚው ከሁለቱም እኩል ርቆ ሲቀመጥ፣ ድምፁ ከቀኝም ከግራም የመጣ አይመስልም። የሚሰማው ከመካከላቸው፣ ምንም ከሌለበት ባዶ ቦታ ነው። ባየህ ዓይኑን ሲጨፍን በገና ደርዳሪው እዚያ ተቀምጦ ይታየው ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሚስቱ መሠረት ሰፊ ቴሌቪዥን ገዛችና በሁለቱ ስፒከሮች መካከል አቆመችው። በዚያው ቀን ደርዳሪው ጠፋ።

«መሤ፣ ሰውዬው የት ሄደ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«መካከል የሚቀመጠው።»

መሠረት ቴሌቪዥኑን አየች፣ ባሏን አየች። «ጆሮህን ማሽኑ በላው» አለች።

የሥራ ባልደረባው ዘመኑ ይህን ሲሰማ «ከእንግዲህ በዓይንህ ነው የምታዳምጠው» አለው። ባየህ አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ግን ጆሮውን ማመን አቅቶት ማሽኑን አቁሞ ሩዙን በእጁ እየዘገነ ሲያይ ተገኘ። ለሚስቱም ቃል ገባ፦ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰባት ቀን ይታጠባል፤ ካልዳነ ሥራውን ይለቃል።

ሰባቱን ቀን ታጥቦ አንድ ጠዋት ተመለሰ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በገናውን ከፈተ። ደርዳሪው ቦታው ላይ ነበር።

ባየህ እየሮጠ ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ ነገረ። መሠረት እልል አለች። ዘመኑ የሚያመውን ጉልበቱን ይዞ ወደ ወንዛዬ ለመሄድ ፎጣ ያዘጋጅ ጀመር። ከሰዓት በኋላ መሠረት ድራማ ልታይ ቴሌቪዥኑን ከፈተች፤ ድራማው ሲያልቅ ባየህ በገናውን መልሶ ከፈተ። ደርዳሪው የለም።

«ፍል ውኃው የሚሠራው እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው እንዴ?» አለች መሠረት።

ባየህ ማሽን ሲበላሽ እንደሚያደርገው ራሱን ጠየቀ፦ ከጠዋት ወዲህ ምን ተለወጠ? ጆሮው ያው ነው። ወንበሩም ያው ነው። መሠረት ግን እሱ ወንዛዬ ሳለ የመከሩ አቧራ እንዳይገባበት ቴሌቪዥኑን በታጠፈ ጋቢ ሸፍናው ነበር፤ ለድራማው ገፈፈችው። ባየህ ጋቢውን መለሰ፣ ደርዳሪው መጣ። ገፈፈው፣ ሄደ። ዳንቴል አለበሰው፣ አልመጣም። ባየህ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴሌቪዥን መስታወት ድምፅን እንደ ገደል ይመልሳል። በቀጥታ የመጣው ድምፅ ጆሮ ከደረሰ በኋላ፣ ከመስታወቱ የነጠረው ለዓይን ጥቅሻ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ዘግይቶ ይከተለዋል። እንደ ማሚቶ ተለይቶ አይሰማም፣ ግን ድምፁ ከየት እንደመጣ ለጆሮ ያምታታበታል። ወፍራም ጋቢ የሚነጥረውን ይውጠዋል፤ ዳንቴል ስስና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ያሳልፈዋል።

መሠረት አልተቀበለችም። «ታማሚውም አንተ፣ ሐኪሙም አንተ?» ብላ ጎረቤታቸውን የኔታ ተክለ ሃይማኖትን ጠራች። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፤ የተማሪን ስሕተት ከግድግዳ ማዶ ሆነው ይሰማሉ።

«የኔታ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዓይንዎን ይጨፍኑና ደርዳሪው የተቀመጠበትን በመቋሚያዎ ያሳዩን» አለ ባየህ፤ ቴሌቪዥኑን ጋቢ አልብሶ በገናውን ከፈተ።

መቋሚያው ቀጥ ብሎ ወደ መካከል ተዘረጋ። መሠረት ኮቴዋን ሳታሰማ ሄዳ ጋቢውን ገፈፈች። መቋሚያው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አደረጋችሁት?» አሉ የኔታ። «ተቀምጦ የነበረውን ሰው ግድግዳው ላይ እንደ ኖራ ለቀለቃችሁት እኮ።»

ባየህ የየኔታን ጉልበት ሊስም ተደፋ። «እንግዲያው ጆሮዬ ደኅና ነው?»

«ከእኔ ጆሮ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።»

«በል ነገ ሥራህ ግባ» አለች መሠረት። «ግን ጋቢው ይቅር፣ ድራማ አለብኝ።» ባየህ ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳው ገፋ፤ ስፒከሮቹን ከመስታወቱ ፊት አንድ ክንድ ያህል አውጥቶ በሁለት በርጩማ ላይ አቆማቸው። አሁን ወደ መስታወቱ የሚሄደው ድምፅ ትንሽ ነው። እንደ ጋቢው ባይሆንም ደርዳሪው ተመለሰ።

መሠረት በተራዋ ልትሰማ ወንበሩ አጠገብ ቆመች። ዘመኑ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ መጥቶ ከኋላዋ ተሰለፈ።

«የኔታ፣ እስኪ ወንበሩን ለእኛም ይልቀቁልን» አለች።

የኔታ ዓይናቸውን አልገለጡም። «እስኪ ከመጀመሪያው ድገመው» አሉት ባየህን።