የአባቴ ቡልኮ ጠርዝ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከሲቀላ ገበያ በባጃጅ ያመጣውን ማዳበሪያ ጆንያ ሳሎን መሀል ሲፈታው ቤቱን የሞላው ሽታ፣ አዲስ የላስቲክ ጫማ ላይ ነጭ ጋዝ የተደፋ የሚመስለው ሽታ፣ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ከውስጡ የወጣው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የእኛ የጋሞዎች የድንጉዛ ጨርቅ ነበር፤ ግን ያልተሸመነ፣ በማሽን የታተመ። ገልብጬ ጀርባውን ባየው ነጭ ነው።

እኔ ያደግኩት ዶርዜ፣ አባቴ እግሩን ከቶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ አጠገብ ነው። ያኔ ልብስ መግዛት ማለት መጠበቅ ነበር፤ ደንበኛው ሚስቱ ክረምቱን ሙሉ የፈተለችውን ክር ይዞ ይመጣል፣ አባቴ ክሩን በጣቱ እያሻሸ እዚህ ጋ ቀጥኗል፣ እዚህ ጋ ወፍሯል እያለ ሴትዮዋን በሌለችበት ያማታል፣ ባልየው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ከዚያ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቡልኮው አንዴ ከደረሰ ግን ሰውየውን ዕድሜውን ሙሉ አሙቆ ለልጁ ይተርፋል።

አንድ ዓመት መስቀል ሲቃረብ አባቴ ለቅሶ ሄዶ ሳለ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ የጀመረውን ቡልኮ ቀጠልኩለት። ኳስ ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ማጉን በደንብ ሳልመታው አንድ ክንድ ያህል ሸመንኩ። በማግስቱ ደንበኛው ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ መጣና ምንም ሳያስተውል አመሰገነ። አባቴ ግን የሰውየውን እጅ ይዞ የሳሳውን ቦታ አስዳሰሰው።

«ይህን ለብሰህ ብትወጣ ውርጩ የሚሰድበው እኔን ነው» አለው።

እዚያው ፊቱ የእኔን ሥራ ማግ በማግ መዘዘው። ሰውየው መስቀልን በአሮጌ ቡልኮ አሳለፈ፤ በዓመቱ ደግሞ የወንድሙን ክር ይዞ ተመልሶ መጣ። እኔ ግን አኩርፌ ወደዚያ ጉድጓድ አልተመለስኩም። ተማርኩ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ የስልክ ሽፋን እንደሚቀይር ሥራ ይቀያይራል፤ ከተመረቀ በሦስት ዓመት አራተኛው ነው። አሁን ጨርቅ በስልክ ይሸጣል። ገዢዎቹም እኩዮቹ ናቸው፤ ሳይዳስሱ ያዛሉ፣ አንዴ ታጥቦ ሲለቅ ጥለው ሌላ ያዛሉ፣ ማንም አይቆጣም። ይህ አለመቆጣታቸው ነው ይበልጥ የሚያስጠላኝ።

ያን ቅዳሜ የለመነኝ ሳጥኔ ውስጥ ያለውን፣ አባቴ በመጨረሻ የሸመነውን ቡልኮ ነው። የጠርዙን የድንጉዛ ጥለት በቅርብ ፎቶ አንስቶ፣ «በእጅ የተሸመነ» ብሎ ያንን የሚሸት ጨርቅ ሊሸጥበት። ምራቄን መትፋት አማረኝ። ይህ ሌብነት ነው አልኩት፤ አያትህን ልትሸጥ ነው አልኩት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«አባዬ፣ ሽመናው ይህን ያህል ክቡር ከሆነ አንተ ለምን ተውከው?»

ሳጥኑን ከፍቼ ቡልኮውን አወጣሁ። አንዱ ጥግ ተተርትሯል፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። አባቴ ቢሆን ወሬውን ሳያቋርጥ ይመልሰው ነበር። እኔ ክሩን በሁለት ጣቴ ይዤ በየት በኩል እንደማሳልፈው ሳላውቅ ቆየሁ። ልጄ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃል።

የተተረተረውን ጥግ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አጠፍኩና ሰጠሁት።