ኡስማንን ፍለጋ አቴንስ

ንጋት 11 ሰዓት፣ ስቶክሆልም

ውጭው ውርጭ ነው፤ እኔን ግን ያልበኛል። ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም። ዛሬ አቴንስ እገባለሁ፣ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ። ሰው የሚሄደው ለፀሐዩና ለጥንቱ ፍርስራሽ ነው፤ እኔ ለኡስማን።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወዲያ ቁረይሻ በሚባል የእርሻ ቦታ አብረን ሰሊጥ ስናጭድ ወባ ጣለኝ። ኡስማን አዝሎኝ መኪና መንገድ አደረሰኝ፤ ዶካ ከተማ ክሊኒክ አስተኝቶኝ እሱ ወደ ሊቢያ በሚሄደው መኪና ወጣ። ስነቃ የለም። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኩትም። ባለፈው ወር አንድ የዚያን ጊዜ ጓደኛችን ደውሎ፣ አቴንስ ውስጥ ከአውቶቡስ ላይ ሆኜ ኡስማንን ገበያ በር ላይ ቆሞ አየሁት አለኝ።

ረፋድ 5 ሰዓት፣ አቴንስ

ኧረ ምን ዓይነት ፀሐይ ነው! የገዳሪፉ ይገርፋል፤ ይኸኛው ያባብላል። ብርቱካን መንገድ ዳር ተንዠርግጎ የሚቀጥፈው የለም። እኔ ቀጥፌ ቀመስኩት፤ እሬት ነው! አንዲት አሮጊት ሳቁብኝ። ቀና ስል በፎቶ የማውቃቸው ዓምዶች ኮረብታው አናት ላይ ቆመዋል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ በአንድ ዩሮ ገዛሁ። ያ ወገቤን የሰበረው ሰሊጥ! አንዷንም ፍሬ መሬት አልጣልኩም።

7 ሰዓት፣ የሐበሻ ምግብ ቤት

ባለቤቷ የጎንደር ሴት ናቸው። ኡስማን የሚባል ብላቸው መስጊድ ጠይቅ አሉኝ። የለም፣ ባለማተብ ነው አልኳቸው። እርሻው ላይ የሐበሻ ስም አልያዝለት ያለ የባለእርሻው ወኪል ለሁላችን የሱዳን ስም አውጥቶልን ነበር፤ እሱ ኡስማን፣ እኔ ሐሰን።

«እሺ፣ እናቱ ያወጣችለትስ?»

አንድ ሰሞን ሙሉ ከአንድ ሳህን ፉል በልተን፣ በአንድ ሸራ ስር ተኝተን፣ ለካ ስሙን ጠይቄው አላውቅም! በራሴ አፈርኩ።

9 ሰዓት፣ ገበያው

ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወይራ፣ ጩኸት። የሻጩን ሁሉ ፊት እያየሁ ሁለቴ ዞርኩት። መዝጋት ጀምረዋል። ልወጣ ስል አንድ የደረቀ ቅጠላቅጠል መሸጫ ደጃፍ ላይ ዓይኔ ተተከለ። በሌላው ሱቅ እስሩ ሁሉ ተጋድሟል። እዚህ ግን በራሱ አገዳ ታስሮ፣ ራሱ ወደ ላይ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሟል። ሰሊጥ ፍሬው እንዳይራገፍ እኛ የምናቆመው እንዲህ ነው። እዚህ አገር ሌላ ማን እንዲህ ያቆማል?

«ኡስማን!» አልኩ ወደ ውስጥ።

መጥረጊያ የያዘ ሰው ወጣ። ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ግን ራሱ ነው። አየኝና አማተበ።

«ሐሰን? ሞተ አሉኝ እኮ!»

ተቃቅፈን አለቀስን። ባለሱቁ ወንበር አወጣልን። ሰባት ዓመት የተሸከምኩትን ምስጋና ዘረገፍኩለት፤ እሱ ግን የሰማኝ አይመስልም። ዶካ ላይ ጥዬህ ሄድኩ እያለ ሲብሰለሰል ነው የኖረው።

«እዚህ እንደገባሁ ፍትሐት ላስፈታልህ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ» አለ። «የክርስትና ስሙን አምጣ አሉኝ። ሐሰን ነው ልበላቸው? አፍሬ ተመለስኩ።»

ሳቄ መጣ። ስሜን ቢያውቅ ኖሮ በቁሜ ተዝካሬ ወጥቶ ነበር!

«ወልደ ሚካኤል ነኝ» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። እሑድ ለጤና አስጸልይልሃለሁ አለኝ። እኔም ስልኬን አወጣሁ።

«ያንተስ?» አልኩት።