ተማሪዬ የጠረባት ጀልባ

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነበርኩ። ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን አንዲት ባዶ ክፍል ጠርገን ሙዚየም አደረግናት። ልጆቹ ከየቤታቸው የሸክላ የወተት ዕቃ፣ የእንሰት መፋቂያ፣ የአያቶቻቸውን ጋሻና በርጩማ አመጡ። ከሁሉም ዓይን የምትስበው ግን አንዱ ተማሪዬ ከእንጨት የጠረባት ትንሽ ጀልባ ነበረች። ቁርጥ የሐይቁን ዓሣ አጥማጆች ጀልባ።

ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ቀረ። መርዶው ከመጣ በኋላ እናቱ ገበያ በዋሉ ቁጥር ይመጡ ጀመር። ቅቤያቸውን ሸጠው ሲያበቁ ይገቡና ጀልባዋ ፊት ይቆማሉ። አይነኳትም።

“እናቴ፣ ይውሰዷት እንጂ፤ የእርስዎ ናት” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ቤት ብወስድ እኔ ብቻ አያለሁ፣ ልጄ” አሉኝ ሲዳምኛ በተጫነው አማርኛቸው። “እዚህ ሰው ይመጣል። ይሄን ማን ሠራ ብሎ ይጠይቃል። አንቺ ስሙን ትነግሪያለሽ።”

እውነታቸውን ነበር። ጎብኚ በገባ ቁጥር ስሙን እጠራ ነበር።

ኋላ ቀበሌው ክፍሏን ለእህል መጋዘን ፈለጋት። እኔና ባልደረቦቼ ደጅ ጠናን።

“አገር ጦርነት ላይ እያለች እናንተ አሮጌ በርጩማ ታስጎበኛላችሁ?” አለን ሊቀ መንበሩ።

ዕቃውን ሰኞ ተከፋፍለን በየቤታችን ልናስቀምጥ ተስማማን። ሰኞ ስንደርስ ክፍሏ በጆንያ ተሞልታለች። ሸክላው ዝናብ ላይ ተጥሎ ተሰባብሯል። እንጨት ከሆነው ነገር አንድም አልተረፈም፤ እሑድ እህሉን ሲያራግፉ የዋሉት ሰዎች ሻይ አፍልተውበታል። አመዱን በእንጨት ብጭረው ምንም አላገኘሁም።

በገበያው ቀን እናቱ መጡ። በር ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው። አላለቀሱም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ጆንያዎቹን በበሩ ስንጥቅ አዩና ዞር አሉ።

“መቃብር እንኳ የለውም። አሁን የት ልሂድ?”

እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ እንሰታቸው፣ ስለ ዝናቡ አወሩኝ፤ ልጃቸውን አላነሡም። መኪናው ላይ ከመውጣታቸው በፊት እጄን ያዝ አድርገው ሳሙኝ።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ብቅ ብለው አያውቁም። እኔም በዚያች ክፍል በር ማለፍ አቅቶኝ፣ ዓመቱን ሙሉ በጓሮ እየዞርኩ ነበር ክፍል የምገባው።