ኒቪያክሲና የሰማንያ ዓመት ልጇ

የወንድሜ ልጅ ኒቪያክሲ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሰማንያ ዓመት ልጅ አላት። ሽማግሌው ኢሉፓሊክ «እማዬ» ይሏታል፣ እሷም «ልጄ» ትላቸዋለች። በእኛ በበረዶው አገር ሰዎች ዘንድ የሟች ስም ለሚወለድ ሕፃን ይሰጣል፤ ዝምድናውም አብሮ ይመጣል። የእናታቸው ስም ለእሷ ደረሰ፣ አለቀ።

ልጅቷ ፈሪ አይደለችም፤ በምላሷም እኔን ወጥታለች። ባለፈው በጋ የትምህርት ቤቱ ልጆች ካሜራ ይዘው፣ የጥንት ቤቶችን ከሚቆፍሩ ባለሙያዎች ጋር ወደ አሮጌው ሰፈር በጀልባ ሲሻገሩ፣ እኔ የባሕር እንስሳውን የአቆስጣን ሥጋ ልቀቅልላቸው ብዬ ተከተልኩ። የኒቪያክሲ ሥራ በዚያ ይኖር የነበረን ሰው በቤቱ ፍርስራሽ ላይ ፎቶ ማንሳት ነበር። ቤቱ በዓሣ ነባሪ አጥንት የቆመ የአፈር ጎጆ ነበር፤ ከነዋሪዎቹ በሕይወት ያሉት አብረውን የተሻገሩት ኢሉፓሊክ ብቻ ናቸው።

ሽማግሌው ግን እምቢ አሉ።

«በመርከብ የመጡት እንግዶች እናቴን ፎቶ አነሷትና ፎቶውን እንልካለን ብለው ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ! እኔ መልኳ ጠፍቶብኛል፤ የእኔ መልክ ለማን ይጠቅማል?» አሉ። ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

«እናታቸው አይደለሽም እንዴ? እዘዣቸው!» አልኳት በጆሮዋ።

«ተይ አክስቴ፣ እናት ልጇን አታስለቅስም» አለችና ካሜራውን ለሽማግሌው ሰጠች። «በል ልጄ፣ አንተ አንሳኝ። ቤቱ የእኔ አይደል?»

ገብታ ከዓሣ ነባሪው አጥንት ሥር ተቀመጠች። ሽማግሌው ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«እዚያ አይደለም» አሉ። «የዘይት መብራቱ በስተግራ ነበር። አንቺ የምትቀመጪው እዚያ ነው። እግርሽን ዘርጊ... እንደሱ።»

«ቶሎ በል እንጂ፣ ትንኝ ጨረሰኝ!»

«ድሮም ቁጡ ነሽ» አሉ፤ እየሳቁ ነው፣ እንባቸውም ይወርዳል።

ፎቶው ተንጋዷል፣ ግንባሯም ትንሽ ተቆርጧል። መምህሩ ሌላ ፎቶ ቢመርጡም ኒቪያክሲ በጄ አላለችም። የልጆቹ ፎቶዎች በመንደሩ አዳራሽ ለእይታ ሲቀርቡ ያ ፎቶ ከሁሉም በላይ ተሰቀለ። አንድ እንግዳ ልጅቷ ማን እንደሆነች ሲጠይቅ ሽማግሌው ቀደሙ፦

«እናቴ ናት። ያነሳኋትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉና ከፎቶው ጎን ቆሙ።

«ነይ እማዬ፣ አሁን እኔን ከፎቶው ጋር አንሺኝ» አሉ።