ቪዛው ሳይመታ

በእኛ ቤት ውጭ አገር መሄድ እንደ እርግዝና ነው፤ ሆድ ገፍቶ ራሱ እስኪናገር ድረስ አይወራም። የእናቴ ሕግ አጭር ነበር፦ «ቪዛው ሳይመታ ትንፍሽ እንዳትዪ!» የአጎቴ ልጅ ካናዳ መግባቱን የሰማነው በረዶ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ሲልክልን ነው። ከመሄዱ በፊት በነበረው እሑድ እኛ ቤት ምሳ በልቶ፣ ለሚቀጥለው ወር ስላሰበው ሥራ አውርቶ፣ «ደኅና ዋሉ» ብሎ ነው የወጣው። ማንም አልተቀየመውም። እናቴ እንዲያውም «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አለች።

እኔ ያን ጊዜ ቻይንኛ የምማር የሁለተኛ ዓመት የዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ያስወጣል። በልጅነቴ ይዞኝ ሲሄድ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ «ምን ይላል?» ብዬ እጠይቀው ነበር። «እኔ ምን አውቄ» ይለኛል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ማንበብ የማይችለውን ካርቶን ሲያስወጣ መኖሩ ያናድደኝ ነበር። ቻይንኛ የገባሁት ለዚህ ነው። ዘመዶቻችን ሳቁብኝ፤ «የሰው ልጅ ሕክምና ይማራል፣ የእናንተዋ ቻይና ፋብሪካ በር ላይ ልትቆም ነው» አሉ። ይበሉ።

የቻይና መንግሥት ቋንቋውን ለሚማሩ የዲግሪ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። አንድ ዓመት እዚያው ተምሮ፣ ተመልሶ እዚህ መመረቅ ነው። ስለዚህ ማመልከት የሚችሉት የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ሁለት ጊዜ መሞከር እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ሰው ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር ገበያ ወጥቶ ሳይከራከርበት ቻልኩ ቢል ራሱን ነው የሚያታልለው። መሄድ ፈልጌ ነበር፤ በጣም ፈልጌ ነበር።

ለማመልከቻው ከዲፓርትመንቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቢሮ ስገባ የክፍሌ ልጆች ተሰልፈዋል። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ «ደብዳቤው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ዞር ብዬ ልጆቹን አየሁና «ለሥራ ልምምድ... ሞጆ ደረቅ ወደብ» አልኳት። ደብዳቤ ያው ደብዳቤ ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ናት ከማለት ሌላ ምን ይላል ብዬ ነው። ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ፣ ፖስታውን አሽጋ ሰጠችኝ። የታሸገ አይከፈትም፤ እኔም አልከፈትኩትም።

አዲስ አበባ ማመልከቻ የሚቀበለው ሰውዬ ፊቴ ላይ ከፈተው። አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ አነበበው። ተማሪዋ በሞጆ ደረቅ ወደብ ለሁለት ወር የሥራ ልምምድ እንድታደርግ ትብብራችሁን እንጠይቃለን ይላል። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ያ ቀን ነበር። ስመለስ ቢሾፍቱ እስክንደርስ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ራሴን ስሰድብ ነበር፤ ከቢሾፍቱ ወዲህ ግን «ትንፍሽ እንዳትዪ» የሚለውን ሰው ሁሉ መስደብ ጀመርኩ።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማን አወቀብሽ?» ብላ ነው።

«ማንም አላወቀም፣ እማዬ! ዕድሉን የሚሰጡት ሰዎች እንኳ አላወቁም!»

አባቴ ሳቁን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ግን የምስቅበት ሆድ አልነበረኝም።

በዓመቱ፣ ሦስተኛ ዓመት ስገባ፣ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የሚመሰከረው ላለቀ ነገር ነው፦ ለዳነ በሽተኛ፣ ለተገኘ ሥራ፣ ለተመታ ቪዛ። ማይክሮፎኑን ይዤ እንዲህ አልኩ፦ «ቻይና ሄጄ ለመማር ላመለክት ነው። ገና ምንም አልተሳካም። ጸልዩልኝ፤ መንገዱን የምታውቁ ደግሞ እርዱኝ።»

ፕሮግራሙን የሚመሩት ሽማግሌ እጃቸውን ለማይክሮፎኑ ዘረጉ። «እህታችን፣ ሲሳካ መጥተሽ ትመሰክሪልናለሽ።»

«ሲሳካማ የእናንተ እርዳታ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከፊቴ ሦስት ረድፍ አልፋ የተቀመጠችው እናቴ ግን አንገቷን እንኳ አላዞረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት የምታናግረኝ በአባቴ በኩል ነበር። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ «ልጅህን ራት ቀርቧል በላት» ትለዋለች።

የጤና ቅጹን እንዴት እንደምሞላ ያሳየችኝ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰማችኝ ነርስ ናት። ጸሐፊዋ በዚህኛው ዓመት ደብዳቤውን ከማሸጓ በፊት ቃል በቃል አነበበችልኝ፤ «ሞጆ የሚል አለበት?» ብላም ቀለደችብኝ። ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፈው ጎረቤታችን ደግሞ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለቃለ መጠይቁ በእኔ መኪና ነው የምትሄጂው» አለኝ። ጋቢና አስቀምጦኝ ሄድን። ፈታኞቹ ፊት የቀረብኩት ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትኩ ነው፤ ቢሆንም ለጠየቁኝ ሁሉ በቻይንኛ መለስኩ። ሲያስቁኝ ሳቅኩ፣ ባልተስማማሁበት ተከራከርኩ። ያን ቀን እንደ እኔ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

መልሱ በኢሜይል መጣ። ስላመለከትኩ አመስግነው አለመመረጤን ነገሩኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሩ ተዘጋ፤ እኔ ከዚህ ወዲያ አልሄድም።

እናቴ «አላልኩሽም?» እንድትለኝ ጠበቅኩ። አላለችም። «ለሰው ምን ልትዪ ነው?» ብቻ አለችኝ።

«አልተመረጥኩም ነዋ።»

«አፏ ነው የፈጃት» መባሉን ሰምቻለሁ። አፋቸውን የዘጉትስ የት ደረሱ? ያን ሰሞን አንድ ነገር ገባኝ። ምቀኛ ምቀኛ የምንለው ሽፋን ነው፤ የምንፈራው ስንወድቅ መታየትን ነው። የተሳካለት ድንገት ፎቶ ይልካል፣ ያልተሳካለት ምንም እንዳልሞከረ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። እኔ ጎንበስ አልልም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መማል ቀላል ነው። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጣን። የሽማግሌው ባለቤት ከሩቅ አይተውኝ፣ ሰው እየገፉ መጡና ገበያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ቻይናዋ! በረራው መቼ ሆነ?» አሉኝ። ቲማቲም ሻጮቹ ሁሉ ቀና አሉ። ያዘጋጀሁት መልስ አንድ ቃል ነበር፤ እሱም ከአፌ አልወጣ አለ። ያ በማይክሮፎን የተናገርኩበት አፍ የት እንደገባ እንጃ፤ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

እናቴ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«አልተመረጠችም» አለች፣ ከሴትዮዋ ድምፅ በላይ ጮክ ብላ። «ሞክራ ነው ያልተመረጠችው። የእርስዎ ልጅስ ሞክራ ታውቃለች?»

እናቴ ዘንቢሏን አንሥታ፣ በሌላ እጇ ክንዴን ያዘችና በገበያው መሐል ይዛኝ ሄደች። ኢሜይሉ ከመጣ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ፣ ፊቴን ሳልሸፍን።